ዋይድባንድ ኦክስጅን ሴንሰርን በካን ከአፍተርማርኬት ኢሲዩ ጋር ማገናኘት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የፋብሪካውን ኢሲዩ (የሞተሩን ኮምፒውተር) አውጥታችሁ ሃልቴክ፣ ሊንክ፣ ሞቴክ፣ ሜጋስኩዊርት ወይም ሩስኢኤፍአይ ልትገጥሙ ካሰባችሁ ዋይድባንድ ኦክስጅን ሴንሰር የግድ ያስፈልጋችኋል። ሞተሩ ቤንዚን በዝቶበት ወይም ሳስቶበት እንደሆነ የሚነግራችሁ እሱ ነው። ብዙ ሰው ጥሩ ሴንሰር ይገዛና መጨረሻ ላይ በአንዲት የ0–5 ቮልት ሽቦ ያገናኘዋል። ከዚያ ጌጁና ላፕቶፑ ለምን እንደማይስማሙ ሲፈልግ ይከርማል። ይህን ችግር ከሥሩ የሚፈታው በካን፣ ማለትም የመኪና ኮምፒውተሮች መልእክት በሚለዋወጡበት ዲጂታል መስመር፣ ማገናኘት ነው። ስለዚህ ጉዳይ በብዛት የሚመጡ ጥያቄዎች ከነመልሳቸው እነሆ።

ዋይድባንድ ከተለመደው ኦክስጅን ሴንሰር በምን ይለያል?

የተለመደው ሴንሰር፣ ናሮውባንድ የሚባለው፣ የሚያውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ድብልቁ ከላምዳ 1 በላይ ነው ወይስ በታች። ላምዳ 1 ማለት አየሩ ቤንዚኑን በሙሉ ለማቃጠል ልክ የሚበቃበት ነው፤ ከ1 በታች ቤንዚን በዝቷል፣ ከ1 በላይ ሳስቷል። ቮልቴጁ ከ0.1 ወደ 0.9 ቮልት አካባቢ በአንዴ ይዘላል። ምን ያህል እንደበዛ ወይም እንደሳሳ አይናገርም። ሁልጊዜ ላምዳ 1 አካባቢ ለሚሠራ የፋብሪካ መኪና ይበቃል። ነዳጅ ፔዳሉን እስከ ወለሉ ረግጣችሁ ላምዳ 0.85 ላይ ለማስተካከል ግን አይሆንም።

ዋይድባንድ ውስጡ ትንሽ የኦክስጅን ፓምፕ አለው። ተቆጣጣሪው፣ ማለትም ሴንሰሩን የሚያሠራው ሰርኪት፣ የመለኪያውን ሴል 450 ሚሊቮልት ላይ ለማቆየት ኦክስጅን ያስገባል ወይም ያስወጣል። ለዚህ የፈጀው ከረንት ወደ ላምዳ ይቀየራል። አሁን በብዛት የሚገኘው ቦሽ ኤልኤስዩ 4.9 ነው። ከእሱ በፊት የነበረው 4.2 አሁንም በገበያ አለ፤ ሁለቱን ግን አንዱን በሌላው መተካት አይቻልም። ተቆጣጣሪያችሁ የተሠራለትን ብቻ ግዙ።

ሴንሰሩን በቀጥታ ኢሲዩው ላይ መሰካት አይቻልም?

ኢሲዩው በውስጡ የዋይድባንድ ተቆጣጣሪ ከሌለው አይቻልም። ኤልኤስዩ 4.9 በትክክል የሚለካው ሴሉ 780 ዲግሪ ሴልሲየስ አካባቢ ሲሆን ነው። ተቆጣጣሪው ይህን የሚያውቀው የሴሉን ሬዚስታንስ በመለካት ነው፤ 300 ኦም ላይ ሲቆም ሙቀቱ ደርሷል ማለት ነው። ይህን ሁሉ የሚሠራ ሰርኪት ያስፈልጋል። አንዳንድ ኢሲዩዎች አብሮ ይመጣላቸዋል። ለሌሎቹ ለብቻው ይገዛል።

አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። የሴንሰሩን ሶኬት ቆርጣችሁ ሽቦውን በቀጥታ አትቀጥሉ። በሶኬቱ ውስጥ ለዚያ ሴንሰር ብቻ በፋብሪካ የተስተካከለ ትንሽ ሬዚስተር አለ። እሱን ጣላችሁ ማለት የሴንሰሩን ካሊብሬሽን ጣላችሁ ማለት ነው። ገመዱ ካጠረ የተቆጣጣሪውን ማስረዘሚያ ግዙ። ወይም ተቆጣጣሪውን ሙቀት ወደማያገኘው ቅርብ ቦታ አምጡና የካን ሽቦውን አስረዝሙ።

የ0–5 ቮልቱ ሽቦ ይሠራልኛል። ለምን ወደ ካን ልግባ?

ይሠራል፣ እውነት ነው። ለብዙ ዓመት ሁሉም ሰው የሠራው በእሱ ነው። ግን ሁለት ድክመት አለው፤ ሁለተኛው ሞተር ሊያስበላ ይችላል።

የመጀመሪያው ማሳ (ወደ ባትሪው ኔጌቲቭ የሚመለሰው መስመር፣ ግራውንድ) ነው። ተቆጣጣሪው ቮልቱን የሚሰጠው ከራሱ ማሳ አንጻር ነው፤ ኢሲዩው ደግሞ ከራሱ ማሳ አንጻር ያነበዋል። የሴንሰሩ ማሞቂያ፣ ቬንቲላተሩና መብራቱ ከረንት ሲስቡ ሁለቱ ማሳዎች እኩል አይሆኑም። 0.1 ቮልት ቢለያዩስ? ኤኢኤም ኤክስ ሲሪስ የሚባለው ተቆጣጣሪ ስኬል በ0.5 ቮልት የአየርና ነዳጅ ሬሾ (ለአንድ እጅ ነዳጅ ስንት እጅ አየር) 8.5፣ በ4.5 ቮልት 18 ነው። ስለዚህ 0.1 ቮልት ወደ 0.24 የአየርና ነዳጅ ሬሾ ስህተት ያመጣል። የሌላው ተቆጣጣሪ አምራች፣ የኢኖቬት፣ ስኬል ከ7.35 እስከ 22.39 ስለሚዘረጋ ስህተቱ 0.3 ይደርሳል። 12.5 ላይ ያስተካከላችሁ መስሏችሁ ሞተሩ 12.8 ላይ እየሠራ ሊሆን ይችላል። ቱርቦ ባለው ሞተር ላይ ይህ ቀልድ አይደለም። የሚያስቸግረው ደግሞ ስህተቱ አንድ ቦታ አለመርጋቱ ነው። ማታ መብራት ስታበሩ ሌላ ቁጥር፣ ቀን ሌላ ቁጥር ነው።

ሁለተኛውና ዋናው ነገር፣ ቮልት የሚያወራው ቁጥር ብቻ መሆኑ ነው። ቁጥሩ ይታመን አይታመን አይናገርም። ሽቦው ተበጠሰ እንበል። ኢሲዩው 0 ቮልት ሊያይ ይችላል። በኢኖቬት ስኬል 0 ቮልት ማለት 7.35 ነው፤ ኢሲዩው ቤንዚን እጅግ በዝቷል ብሎ ያምናል። ክሎዝድ ሉፑ (ኢሲዩው ንባቡን እያየ ቤንዚኑን ራሱ የሚያስተካክልበት አሠራር) በርቶ ከሆነ ቤንዚን መቀነስ ይጀምራል። የቀነሰው ቤንዚን ንባቡን ስለማይለውጠው የተፈቀደለት ገደብ እስኪደርስ ይቀንሳል። ሞተሩ ደህና የነበረ ቢሆንም ሳስቶ ይሠራል ማለት ነው። ሴንሰሩ ገና ሳይሞቅ ሲቀርም ተመሳሳይ ነገር ይፈጠራል፤ ተቆጣጣሪው የሚያወጣውን መጠበቂያ ቮልት ኢሲዩው እንደ እውነተኛ ንባብ ይወስደዋል።

በካን ግን ከላምዳው ጋር ሁኔታው አብሮ ይላካል። ኤኢኤም በመልእክቱ ውስጥ ንባቡ የሚታመን መሆኑንና የሴንሰር ብልሽት መኖሩን የሚናገሩ ምልክቶች ያስገባል። ስፓርታን 3 የተባለው ተቆጣጣሪም የሁኔታ ባይት አለው። መልእክቱ ጨርሶ ከቆመ ደግሞ በደንብ የተሠራ ኢሲዩ እንደቆመ ያውቃልና ማስተካከሉን ይተዋል። እኔ ካን ግዙ የምለው በዋነኝነት ለዚህ ነው።

በካን ከሆነ ንባቡ ይፈጥናል?

እምብዛም። ኤኢኤም በየ10 ሚሊሰከንዱ አንድ መልእክት ይልካል፤ ጥሩ ነው። ነገር ግን ጭሱ ከቫልቩ ተነስቶ ሴንሰሩ ጋ ለመድረስ በሚኒሞ (ፔዳሉ ሳይረገጥ ሞተሩ ሲሠራ) በመቶዎች የሚቆጠር ሚሊሰከንድ ሊፈጅበት ይችላል። ይህን ካን አያሳጥረውም። ኢሲዩው የዲሌይ ሰንጠረዥ ካለው እሱን ሙሉት።

የእኔ ኢሲዩ ካን ይቀበላል?

ሁለት ነገር አረጋግጡ። መጀመሪያ የካን ፖርት አለው ወይ? ሜጋስኩዊርት 1 የለውም። በአርዱዊኖ ሜጋ ላይ የተሠራ ስፒዱዊኖም ቺፑ ውስጥ ካን የለም። እነዚህን ከያዛችሁ በ0–5 ቮልቱ ቀጥሉ፤ ማሳውን ግን በጥንቃቄ ሥሩ።

ቀጥሎ፣ ሶፍትዌሩ የእናንተን ተቆጣጣሪ ያውቀዋል ወይ? ብዙዎቹ የራሳቸውን ብራንድ ከዝርዝር ያስመርጧችኋል። የሊንክን ካን ላምዳ ከሊንክ ኢሲዩ ጋር ስትገጥሙ ሥራው ቀላል ነው። ብራንዱ ከተለያየ ግን መልእክቱን በእጅ ማስገባት የሚቻልበት ቦታ መኖሩን ከመግዛታችሁ በፊት እዩ። ፖርቱ ኖሮ ሶፍትዌሩ የማይቀበል ከሆነ ገንዘባችሁን በከንቱ አወጣችሁ።

በሲሪያል ኬብል ከላፕቶፕ ጋር የሚገናኘውስ? ዲጂታል አይደለም?

ነው። ለምሳሌ ኢኖቬት በ19200 ባውድ ሲሪያል ይልካል፤ ላፕቶፕ ላይ ለመመዝገብ ይጠቅማል። ኢሲዩዎች ግን ይህን ብዙ ጊዜ አያነቡም። ኢሲዩው ራሱ እንዲጠቀምበት ከፈለጋችሁ መንገዱ ካን ነው።

ሽቦውን እንዴት ልዘርጋ?

ካን ሁለት ሽቦ ነው፦ ካን ሃይ እና ካን ሎው። ሃይን ከሃይ፣ ሎውን ከሎው ጋር ታገናኛላችሁ። እንደ ሲሪያል ማስተላለፊያውን ከመቀበያው ጋር ማጠላለፍ የለም። ሁለቱ ሽቦ እርስ በርስ የተጠማዘዘ መሆን አለበት። የተጠማዘዘ ገመድ ካላገኛችሁ ሁለት ሽቦ ድሪል ላይ አስራችሁ ራሳችሁ ጠምዝዙ፤ በደንብ ይሠራል። ከካንዴላ ገመድና ከቦቢና አርቁት።

አንድ ዋና መስመር ይኑራችሁ። በሁለቱ ጫፎች ላይ አንዳንድ የ120 ኦም ሬዚስተር ይቀመጣል። መሐል የሚገቡ ነገሮች፣ ጌጅም ሆነ ዳሽ፣ በአጭር ቅርንጫፍ ይገናኛሉ። በ1 ሜጋቢት ፍጥነት ቅርንጫፉ ከ30 ሳንቲሜትር ባይበልጥ ይመረጣል። ሁሉንም አንድ ነጥብ ላይ እየሰበሰቡ እንደ ኮከብ መዘርጋት ችግር ያመጣል።

የመኪናውን ቁልፍ አጥፉና በሃይና በሎው መካከል በቴስተር ኦም ለኩ። 60 ኦም አካባቢ ካሳየ ትክክል ነው። 120 ካሳየ አንዱ ጫፍ ሬዚስተር የለውም። 40 ካሳየ ሦስት ሆነዋል። ይህ ሦስተኛው ብዙ ሰው የሚገጥመው ነው። ምክንያቱም አንዳንድ ኢሲዩዎችና ተቆጣጣሪዎች ሬዚስተሩን በውስጣቸው ይዘው ይመጣሉ። ስፓርታን 3 ለምሳሌ ከፋብሪካ ሲወጣ ሬዚስተሩ በርቶ ነው። መሐል ላይ ከሆነ አጥፉት።

ኃይሉን በተመለከተ፣ ተቆጣጣሪውን ከሪሌ አብሉት፤ የራሱ ፊውዝ ይኑረው። ማሞቂያው ሲነሳ ብዙ ከረንት ይስባል። ከቦቢና መስመር ላይ አትጥለፉለት። በካን የማሳ ልዩነት ንባቡን አይቀይርም፤ እንዲያም ሆኖ ማሳውን አትናቁ፤ የተቆጣጣሪውንም የኢሲዩውንም ማሳ ሞተሩ ላይ እሰሩ።

ሁሉንም አገናኘሁ፣ ኢሲዩው ግን ምንም አያይም

ከፍጥነት ጀምሩ። መስመሩ ላይ ያለው ሁሉ እኩል ፍጥነት ሊኖረው ይገባል። ኤኢኤምና ስፓርታን 3 በ500 ኪሎቢት ነው የሚናገሩት። ሊንክና ሃልቴክ በ1 ሜጋቢት። አንዱ በተሳሳተ ፍጥነት ሲናገር እሱ ብቻ አይደለም የሚጠፋው፤ የሌሎቹንም መልእክት ያበላሻል። ሴንሰሩን ሰክታችሁ ዳሹ አብሮ ከጠፋ ምክንያቱ ይህ ነው ብላችሁ ጀምሩ። ፍጥነቱ የማይቀየር ከሆነና ኢሲዩው ሁለት የካን ፖርት ካለው በሁለተኛው አስገቡት።

ቀጥሎ የመልእክቱ መለያ ቁጥር ነው። ብዙ ሰው የሚጠፋው እዚህ ላይ ነው። ኤኢኤም መለያውን በሄክስ (በ16 መሠረት አቆጣጠር) 180 ብሎ ይጽፈዋል። በተለመደው አቆጣጠር (ዴሲማል) ግን 384 ነው። የኢሲዩው ሶፍትዌር ዴሲማል እየጠየቃችሁ 180 ብላችሁ ከጻፋችሁ እስከ ነገ ብትጠብቁ ምንም አይመጣም። ስፓርታን 3 ደግሞ 1024 ሲል ዴሲማሉን ነው፤ በሄክስ 400 ይሆናል። ማኑዋሉ ላይ የትኛው እንደሆነ አይታችሁ ቀይሩ።

ከዚያ የመለያው ርዝመት አለ። ኤኢኤም ባለ 29 ቢት፣ ረጅሙን ይጠቀማል። ስፓርታን 3 ባለ 11 ቢቱን ነው። ቁጥሩ አንድ ቢሆን እንኳ ርዝመቱ ከተለያየ ለካን ሁለት የተለያዩ መልእክቶች ናቸው።

ጠረጴዛ ላይ ለሚሞክሩ ደግሞ፦ ካን ላይ የላከው መልእክት መድረሱን ሌላ አንድ መሣሪያ ማረጋገጥ አለበት። ተቆጣጣሪው ብቻውን መስመሩ ላይ ካለ ስህተት እያለ ደጋግሞ ይልካል እንጂ አይሳካለትም። ኢሲዩውን አብሩት።

ቁጥር ይመጣል፣ ግን ትርጉም የለውም

ጥሩ ዜና ነው፤ ሽቦው ደህና ነው ማለት ነው። የቀረው አፈታቱ ነው።

ኤኢኤም ላምዳን በሁለት ባይት ይልካል፤ አንዱ ቁጥር 0.0001 ላምዳ ነው። ስለዚህ ላምዳ 1 ሲሆን 10000 ይመጣል። ይህ በሁለት ባይት ሲከፈል 39 እና 16 ነው፤ ትልቁ ባይት ይቀድማል። ሶፍትዌሩ ላይ ትንሹ ባይት ይቀድማል ብላችሁ ከመረጣችሁ 10000 የነበረው 4135 ይሆናል። ላምዳ 0.41 ታያላችሁ። ሞተር በዚያ ድብልቅ አይሠራም፤ ስለዚህ ሞተሩ በሰላም እየሠራ እንዲህ ያለ ቁጥር ካያችሁ ቅደም ተከተሉን ገልብጡት። ሌላው ምልክት ቁጥሩ በትንሽ ለውጥ ከዳር ዳር መዝለሉ ነው።

ስፓርታን 3 ደግሞ ላምዳን በ1000 አባዝቶ ይልካል። ላምዳ 1 ሲሆን 1000 ማለት ነው። በኤኢኤም ስኬል ካነበባችሁት 0.1 ይላችኋል። ልክ አሥር እጥፍ የሆነ ስህተት ሲገጥማችሁ ስኬሉን ተጠራጠሩ።

ሲጨርሱ ማረጋገጫው ቀላል ነው። የተቆጣጣሪው ጌጅ የሚያሳየውና ኢሲዩው የሚመዘግበው ቁጥር እኩል መሆን አለበት። በ0–5 ቮልት «ትንሽ ይለያያል» ይባል ነበር። በካን ትንሽ መለያየት የሚባል ነገር የለም። ከአንድ ነገር በቀር፣ እሱም ቀጥሎ ያለው ነው።

ጌጁ 14.7 ይላል፣ ላፕቶፑ 14.1። የትኛው ነው ትክክል?

ምናልባት ሁለቱም። ሴንሰሩ የሚለካው ላምዳን ነው። ወደ አየርና ነዳጅ ሬሾ የሚቀየረው በማባዛት ነው። ለንጹህ ቤንዚን ማባዣው 14.7 ነው። 10 በመቶ ኢታኖል ላለበት 14.1 አካባቢ፤ 85 በመቶ ኢታኖል ላለበት ደግሞ 9.8 አካባቢ። ጌጁ በአንዱ፣ ኢሲዩው በሌላው ሲያባዛ ልዩነት ይታያል፤ ላምዳው ግን ሁለቱም ጋ 1 ነው።

አሜሪካ ላላችሁ ይህ የየቀኑ ጉዳይ ነው፤ አብዛኛው ማደያ የሚሸጠው 10 በመቶ ኢታኖል ያለበትን ነው። አዲስ አበባም እ.ኤ.አ. በ2008 5 በመቶ ኢታኖል የተቀላቀለበት ቤንዚን መሸጥ ተጀምሮ በኋላ ወደ 10 በመቶ ከፍ ብሎ ነበር። ምክሬ አንድ ነው፦ ሁሉንም ነገር በላምዳ አድርጉት። ጌጁንም፣ ኢሲዩውንም፣ የዒላማ ሰንጠረዡንም። ነዳጁ ቢቀየር ላምዳ 1 ያው ላምዳ 1 ነው።

ከመኪናው የራሱ ካን ጋር ላገናኘው?

አይ። የፋብሪካው መስመር ላይ ፍሬኑና ኤርባጉ የሚነጋገሩበት አለ። የእናንተ ተቆጣጣሪ መለያ ከእነሱ ከአንዱ ጋር ሊጋጭ ይችላል። ለሴንሰሩ የኢሲዩውን የራሱን መስመር ስጡት።

ቪ6 ነው፤ ሁለት ሴንሰር በአንድ መስመር ይሆናል?

ይሆናል። የካን አንዱ ጥሩ ነገሩ ይህ ነው። ለእያንዳንዱ ተቆጣጣሪ የተለያየ መለያ ስጡ። አንድ መለያ ከሰጣችኋቸው የግራና የቀኙ ንባብ ይደባለቃል። ከዚያ አንዱን ሴንሰር ንቀሉና የጠፋው የትኛው ባንክ (የሲሊንደር ረድፍ) እንደሆነ ኢሲዩው ላይ እዩ። ግራውና ቀኙ ተገለባብጦ ክሎዝድ ሉፕ ማብራት አንዱን ባንክ እስከ መጨረሻ ያሳሳል፣ ሌላውን ያበዛል።

ማሞቂያው ቁልፉን እንዳዞርኩ ቢበራ ችግር አለው?

ጠዋት ጠዋት አለው። በቀዝቃዛ ጭስ ማውጫ ውስጥ ውኃ ይቋጠራል። የጋለ ሴራሚክ ላይ ውኃ ሲያርፍበት ይሰነጠቃል። ስለዚህ ማሞቂያው ሞተሩ ከተነሳ በኋላ ቢጀምር ይሻላል። ሩስኢኤፍአይና የራሱ ዋይድባንድ ተቆጣጣሪ ይህን በካን ይነጋገራሉ፤ ኢሲዩው ሙቅ ሲለው ነው የሚጀምረው። እንዲህ ያለ ነገር ከሌላችሁ የተቆጣጣሪውን ሪሌ ከቤንዚን ፓምፑ ጋር አብሮ እንዲነሳ አድርጉት።

ተቃራኒውም ጥፋት ነው። ሴንሰሩን ሳትሰኩት ጭስ ማውጫው ላይ ትታችሁት አትንዱ። ያልሞቀ ሴንሰር በጥላሸት ተደፍኖ ይሞታል። ለጊዜው የማትጠቀሙበት ከሆነ አውጥታችሁ ቀዳዳውን በ18 በ1.5 ሚሊሜትር ቡሎን ድፈኑት።

የት ልትከለው? አዲስ አበባ ከፍታ ላይ መሆኗስ ንባቡን ይቀይረዋል?

ቱርቦ ካለ ከቱርቦው በኋላ፣ ከካታሊስቱ በፊት። ጫፉ ወደ ታች እንዲያይ ሆኖ ከአግድም መስመር ቢያንስ 10 ዲግሪ ከፍ ይበል፤ ውኃ እንዳይቋጠርበት ነው።

ከቱርቦው በፊት የማይተከለው ለሙቀቱ ብቻ አይደለም። የሴንሰሩ ከረንት በግፊት ይለወጣል። ላምዳ 1 ላይ ከረንቱ ዜሮ ስለሆነ ግፊት ምንም አያደርገውም። ከ1 በራቃችሁ ቁጥር ግን ስህተቱ ያድጋል። ግፊት ሲበዛ ቤንዚን የበዛበት ድብልቅ ከእውነቱ የበለጠ የበዛ መስሎ ይታያል። ደህና ነኝ ብላችሁ ስትቀንሱ ሞተሩ ይሳሳል።

አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለል ሩብ ያህል ያንሳል። እዚህ ላይ ስህተቱ በተቃራኒው ነው፦ ቤንዚን የበዛበት ድብልቅ ወደ 1 ትንሽ ጠጋ ብሎ ይታያል። መጠኑ ትንሽ ነው፣ አቅጣጫውም ሞተርን የሚጎዳ አይደለም። ግን መኪናችሁ አዲስ አበባ ተስተካክሎ ወደ አዋሽ ሲወርድ ወደ 1,000 ሜትር አካባቢ ይደርሳል፤ አየሩ ይወፍራል። ኢሲዩው ለዚያ በትክክል ቤንዚን እየጨመረ መሆኑን በጉዞው ላይ ላምዳውን መዝግባችሁ እዩ። አንዳንድ ተቆጣጣሪ ንጹህ አየር ላይ ካሊብሬት ይደረጋል፤ ይህን የምታደርጉት ሴንሰሩን አውጥታችሁ ውጭ ነው፣ ጭስ በታፈነበት ጋራዥ ውስጥ አይደለም።

ካንዴላው ጥቁር ነው፣ ሴንሰሩ ግን ሳስቷል ይላል

ሴንሰሩ የሚያየው ኦክስጅን ነው። አንድ ሲሊንደር ካልተቀጣጠለ ያልተቃጠለው አየር እንዳለ ይወጣል፤ ሴንሰሩም «ሳስቷል» ይላል። ከሴንሰሩ በፊት ጋስኬት ካፈሰሰም አየር ወደ ውስጥ ይሳባል፣ በተለይ በሚኒሞ። ቤንዚን ከመጨመራችሁ በፊት ቦቢናውን፣ ካንዴላውንና የኮሌክተሩን ጋስኬት አረጋግጡ። ካን ቁጥሩን ሳይነካ ያደርሰዋል እንጂ ሴንሰሩ ያየውን አያርመውም።

ክሎዝድ ሉፕ መቼ ላብራ?

የቤንዚን ሰንጠረዡ ያለ እሱ በደንብ ሲሠራ። መጀመሪያ ማስተካከያውን አጥፍታችሁ እየነዳችሁ መዝግቡ፤ ሰንጠረዡን አርሙ። ከዚያ በትንሽ ገደብ አብሩት፤ 5 በመቶ ይበቃል። ሴንሰሩ ሳይሞቅ፣ ነዳጅ ፔዳሉ ሲለቀቅና ቤንዚን ሲቆረጥ እንዳይሠራ አድርጉ። ከማብራታችሁ በፊት አንድ ሙከራ አድርጉ፦ ሞተሩ በሚኒሞ እየሠራ የተቆጣጣሪውን የካን ሶኬት ንቀሉት። ኢሲዩው ስህተት መመዝገብና ማስተካከያውን ወደ ዜሮ መመለስ አለበት። የመጨረሻውን ቁጥር ይዞ ከቀጠለ የታይምአውት ምርጫውን (መልእክት ሲቋረጥ ምን ይደረግ የሚለውን) ፈልጋችሁ አስተካክሉ፤ ያ እስኪሆን ድረስ ክሎዝድ ሉፑን አታብሩት።